«ግድያ በ200 በመቶ ጨምሯል» በሚባልባት ከተማ ልጅ ማሳደግ ይቻላል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ትራክ እነዳለሁ። ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ዊሊስተን የምትባል ከተማ የነዳጅ ሥራ ላይ ጥሩ ክፍያ አግኝቻለሁ። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ልሄድ አስቤ ነበር። ወንድሟ ግን ‹እዚያ ግድያ በ200 በመቶ ጨምሯል፣ ከቺካጎ ትብሳለች› የሚል ነገር ከኢንተርኔት አውጥቶ ላከላት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሰላም የለም። እውነት ነው? ትንሽ ከተማ በፍጥነት ስታድግ ወንጀል አብሮ ማደጉ የግድ ነው?»

ጋሼ ስላልከኝ እኔም አንተ እያልኩ ልመልስልህ። ሥራዬ የፖሊስ ቁጥር ማገላበጥ ነው። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ከቺካጎ ጋር ማነጻጸሩ ውሃ አያነሳም። የነዳጁ ግርግር በጋለበት ዘመን ግን እዚያ አካባቢ ድብደባ በእርግጥ ጨምሮ ነበር። ረጅሙ መልስ ይኸውልህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የባለቤትህ ወንድም ዋሸ አልልም። የትኛውን ዓመት ከየትኛው ጋር እንዳነጻጸረ ስላልነገረህ ልፈርድለትም ልፈርድበትም አልችልም። 200 በመቶ ጨመረ ማለት አንድ የነበረው ሦስት ሆነ ማለት ሊሆን ይችላል። መቶ የነበረው ሦስት መቶ ሆነ ማለትም ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በዚህ ተዋርጃለሁ። ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ሪፖርት ስጽፍ «ግድያ በ50 በመቶ አሻቀበ» ብዬ በደማቁ አሰመርኩበት። አለቃዬ ወረቀቱን አየና በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ «ከስንት ወደ ስንት?» አለኝ። ከሁለት ወደ ሦስት ነበር። ምንም አልተቆጣኝም። ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ፤ በቃ።

አሁን ቁጥር እናውራ። ዊሊስተን በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 29,160 ሰው ነበራት። አሜሪካኖች ወንጀልን የሚለኩት «በ100 ሺህ ሰው ስንት» እያሉ ነው። ስልክህን አውጣና አስላው። በዓመት አንድ ሰው ቢገደል የከተማዋ መጠን 3.4 ይመጣል። ሁለት ቢገደሉ 6.9፣ ሦስት ቢገደሉ 10.3። የአገሪቱ አማካይ ከኮሮና በፊት 5 አካባቢ ነበር። እንግዲህ በአንድ ሟች ከተማዋ «ከአማካይ በታች፣ ሰላማዊ» ትባላለች። በሁለት «ከአማካይ በላይ» ትሆናለች። በሦስት ደግሞ እጥፍ ደርሳ ጋዜጣ ላይ ትወጣለች። ቺካጎ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ አላት። እዚያ አንድ ግድያ ሲጨመር መጠኑ ከ0.04 በታች ነው የሚንቀሳቀስ። ትልቅ መርከብ ላይና ታንኳ ላይ እንደመቀመጥ ነው። አንድ ሰው ብድግ ሲል ታንኳዋ ትናወጣለች።

ለዚህ ነው ለትንሽ ከተማ የአንድ ዓመት የግድያ ቁጥር አይቼ አስተያየት የማልሰጠው። አምስት ዓመት ደምሬ አያለሁ። ሲሻል ደግሞ ግድያውን ትቼ ድብደባውን አያለሁ። ቁጥሩ በርከት ስለሚል በአንድ ክፉ ሌሊት ብቻ አይገለበጥም።

ይህ የላይኛው ቁጥር ጣጣ ነው። በፍጥነት የምታድግ ከተማ ላይ የባሰው ግን የታችኛው ነው። ትምህርት ቤት የተማርናትን ላዕልና ታህት ታስታውሳለህ? ወንጀሉ ላዕል ነው፣ ሕዝቡ ታህት። ዊሊስተን በ2010 ቆጠራ 14,716 ሰው ነበራት። በአሥር ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆነች ማለት ነው። ጎረቤቷ ዋትፎርድ ሲቲ ከ1,744 ወደ 6,207 ዘለለች። ሁሉም የመጣው ባከን ከሚባለው የድንጋይ ንጣፍ ነዳጅ ማውጣት ስለተቻለ ነው። በ2014 ኖርዝ ዳኮታ በቀን ከአንድ ሚሊዮን በርሜል በላይ ታወጣ ነበር። ሰው ከቴክሳስ፣ ከኦክላሆማ፣ ከየት ከየቱ ጎረፈ። ቤት የለም። ዋልማርት ፓርኪንግ ላይ መኪናቸው ውስጥ የሚያድሩ ነበሩ። ኩባንያዎቹ ደግሞ «ማን ካምፕ» የሚባል ተገጣጣሚ ክፍል በረድፍ በረድፍ ደረደሩ። ስሙ እንደሚለው ነዋሪው ወንድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

እነዚህ ሰዎች የተቆጠሩት የት ነው? የአሜሪካ ቆጠራ ሰውን የሚመዘግበው አብዛኛውን ጊዜ በሚኖርበት ቤት ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ቴክሳስ ትቶ ለሁለት ሳምንት ሥራ እየመጣ የሚመለሰው ሰው የቴክሳስ ነዋሪ ነው። ዊሊስተን ባር ውስጥ ሲደባደብ ግን የዊሊስተን ወንጀል ነው። ላዕሉ ውስጥ አለ፣ ታህቱ ውስጥ የለም። በምሳሌ ላሳይህ። አንዲት ከተማ በዓመት 60 ከባድ ድብደባ መዘገበች እንበል። ነዋሪዋ 15 ሺህ ነው ካልን መጠኑ 400 ይሆናል። በእርግጥ እዚያ የሚያድረው 25 ሺህ ሰው ከሆነ ግን 240 ነው። ድብደባው ያው 60 ነው። ከሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የመጣችው ቁጥር ብቻዋን ከተማዋን አስፈሪ አደረገቻት።

እዚህ ላይ ብተወው ደስ ይልህ ነበር። «አየሽ፣ የሒሳብ ስህተት ነው» ብለህ ለባለቤትህ ታነብላታለህ። ግን አይደለም። ሁሉም የሒሳብ ስህተት አይደለም።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ ቢሮ በ2019 አንድ ጥናት አወጣ። በባከን አካባቢ ያሉትን የኖርዝ ዳኮታና የሞንታና ካውንቲዎች (እንደ አውራጃ ያሉ የግዛት ክፍሎች) ወስዶ ነዳጅ ከሌላቸው አጎራባች ካውንቲዎች ጋር አነጻጸረ፣ ከ2006 እስከ 2012። ፖሊስ ዘንድ የደረሰ የኃይል ጥቃት መጠን በባከን በ23 በመቶ ጨመረ። በአጎራባቾቹ በ8 በመቶ ቀነሰ። ከባድ ድብደባ ለብቻው ሲታይ በባከን በ70 በመቶ ወጣ። ተጎጂው በማያውቀው ሰው የሚደርስበት ጥቃት በ53 በመቶ።

«ታህቱ ተሳስቶ ቢሆንስ?» ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የጭማሪውን የተወሰነ ክፍል ታህቱ ይበላዋል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ስህተቱ ታህቱ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ዓይነት ጥቃት እኩል ማደግ ነበረበት። ሁሉም የሚካፈለው ለዚያው ቁጥር ነውና። እዚህ ግን ጠቅላላው 23 ሲያድግ ከባዱ ድብደባ 70 አደገ። የዓይነቱ ቅይጥ ራሱ ተለውጧል። ይህን ሒሳብ ብቻ አያመጣውም። ከተማው ውስጥ የሆነ ነገር ሆኗል።

የሆነው ነገር ምንድን ነው? አንድ የመዝገብ ወረቀት አብረን እናንብብ። ምሳሌ ነው፣ ግን እንዲህ ዓይነቱን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩ አትጠይቀኝ። ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል፣ ባሩ እየተዘጋ ነው። ሁለት ቡድን ፓርኪንግ ላይ ተጋጠመ። አንዱ የፑል ዱላ ይዞ ወጥቷል። ሦስት ሰው መታ። የአንዱ ክንድ አበጠ፣ የአንዱ ቅንድብ ተሰነጠቀ፣ ሦስተኛው ምንም አልሆነም ግን ተመትቷል። በአሜሪካ አቆጣጠር ይህ አንድ ጠብ አይደለም። ሦስት ከባድ ድብደባ ነው። ድብደባ የሚቆጠረው በተጎጂ ልክ ነውና። ዱላው ባይኖርና በቡጢ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት «ቀላል ድብደባ» ተብሎ ከዋናው የወንጀል ቁጥር ውጭ ይቀር ነበር። ጥርስ ከወለቀ ግን በቡጢም ቢሆን ከባድ ነው። ዝርፊያ ደግሞ በሌላ መንገድ ይቆጠራል። አንድ ሱቅ ውስጥ አምስት ሰው በሽጉጥ ቢዘረፍ አንድ ዝርፊያ ነው። ነገሩ ግራ ያጋባል፣ እኔንም ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል።

ያቺን ፓርኪንግ እይልኝ። እዚያ የቆሙት አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። በየትኛውም አገር ድብደባ የሚፈጽሙትም የሚደበደቡትም በብዛት እነሱ ናቸው። በቀን 12 ሰዓት ሠርተዋል። ኪሳቸው ሞልቷል። ቤታቸው የሚጠብቃቸው ሰው የለም። ከሁሉም በላይ ማንም ማንንም አያውቅም። ነገ ቤተ ክርስቲያን ወይም የልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ አይገናኙም። ስለዚህ የሚያፍሩት ሰው የለም።

ዊልያም ፍሩደንበርግ የሚባል የሶሲዮሎጂ ሰው ይህን በ1980ዎቹ አጥንቶታል። ከአንድ ከተማ ነዋሪ ስንት ከመቶው እርስ በርሱ ይተዋወቃል ብሎ ጠየቀ። የሕዝብ ብዛት እጥፍ ሲሆን የሚተዋወቀው ሰው ድርሻ ይወርዳል። የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው የሆነ ነገር ባገኘ ቁጥር ከባድ ስም ያወጣለታል። እኛ ግን ያለ ስም እናውቀዋለን። ልጅ ሆነህ ሰፈር ውስጥ ድንጋይ ስትወረውር የታየህ እንደሆነ፣ አንተ ቤት ሳትደርስ ወሬው ደርሶ ይጠብቅህ አልነበር? «የእገሌ ልጅ» መባል የሚሠራው የፖሊስ ሥራ ነው፣ ያውም ያለ ደሞዝ። ሰፈሩ በአንድ ዓመት ውስጥ በእንግዳ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ነው።

ያው ነገር ሌላም ነገር ያመጣል፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሰው ሲተዋወቅ ፖሊስ አይጠራም። ጎረቤቱን ይጠራል። ዋትፎርድ ሲቲ ውስጥ ፖሊስ በ2006 የተቀበለው ጥሪ 40 ገደማ ነበር፣ በዓመት። በ2011 ወደ 4 ሺህ ቀረበ። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው «ወንጀል በመቶ እጥፍ አደገ» ይላል። ጥሪ ግን ወንጀል አይደለም። የመኪና ግጭት አለበት፣ የሙዚቃ ጩኸት አለበት፣ በር ላይ የቆመ የማይታወቅ ሰው አለበት። በሳምንት አንድ ጥሪ እንኳ የማይሞላባት ከተማ ወንጀል የሌለባት ብቻ አይደለችም። ነገሯን በሽምግልና የምትጨርስ ከተማ ናት። ከፊሉ ጭማሪ እውነተኛ ግርግር ነው። ከፊሉ ደግሞ ሽማግሌው ቀርቶ ስልክ መተካቱ ነው።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ ዋዮሚንግ ውስጥ ጂሌት የምትባል ከተማ በድንጋይ ከሰል ስታብጥ ኤልዲን ኮርስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ስካር፣ ጭንቀት፣ የወጣት ጥፋትና ፍቺ አብረው እንዳበጡ ጻፈ። «የጂሌት ሕመም» ተባለ። ስሙ ተወደደ፣ ተባዛ። በ1980ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች ተነሡና «ማስረጃው የታለ?» አሉ። ከተማው ከማበጡ በፊት የነበረው በቅጡ አልተለካም፣ የጎረቤት ከተማ ንጽጽር የለም። ልክ ነበሩ። የእኔ ፍርድ ግን ሁለቱም የየድርሻቸውን ይዘዋል የሚል ነው። ኮርስ አለቅጥ ጮኸ፣ ተቺዎቹ ደግሞ ምንም የለም ለማለት ቸኮሉ።

ለአንተ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የሚከተለው ነው። በ2001 የወጣ አንድ ጥናት አራት የምዕራብ አሜሪካ ከተሞችን ለረጅም ዓመታት ተከታተለ። ዴልታ፣ ቨርናል፣ ትሬሞንተንና ኤቫንስተን ናቸው። በግርግሩ ወቅት የነዋሪው እርካታና መተማመን ወርዶ ነበር። ግርግሩ ሲያልፍ ተመለሰ። ሕመሙ የእድገት ሳይሆን የፍጥነት ነው ማለት ነው። ሰው ሲረጋጋ፣ ቤት ሲሠራ፣ ሚስት ስትመጣ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ከተማው እንደገና ይተዋወቃል።

ዊሊስተንም ዛሬ የ2012ቷ ዊሊስተን አይደለችም። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው ነዳጅ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ። ብዙ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። የከተማው ምክር ቤት በ2015 መጨረሻ ማን ካምፖቹ እንዲዘጉ ወሰነ። የቀረው አብዛኛው ቤተሰብ ያለው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የ2011ን ወይም የ2012ን ታሪክ አውጥቶ ሲያስፈራራህ ቀኑን እይ። ኢንተርኔት ላይ ወሬ አያረጅም።

ባለቤትህ ይህን ታነበው ይሆናልና ለእሷ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ፈጣን ከተማ ሲወራ ሁሉም የሚያስበው የፓርኪንጉን ጠብ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ግን ብዙም አይወራም። በ2014 ዊሊስተን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ በአማካይ 2,394 ዶላር ይከራይ ነበር። ከኒውዮርክም ከሳንፍራንሲስኮም በላይ። በእንዲህ ዓይነት ኪራይ የሚመታትን ባል ትታ ልትወጣ የምትፈልግ ሴት የት ትሄዳለች? እናት የለች፣ እህት የለች፣ ቤት የለ። የቤት ውስጥ ጥቃት ደግሞ ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ ከሚቀረው ውስጥ ነው። በአጠቃላይ በአሜሪካ ከሚደርሰው የኃይል ጥቃት ግማሹ እንኳ ለፖሊስ አይነገርም። እናንተ መሐል እንዲህ ያለ ነገር አለ ማለቴ አይደለም። የምለው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ቤቱ በሁለታችሁም ስም ይሁን፣ እሷም የራሷ መኪናና የራሷ ስልክ ቁጥሮች ይኑሯት። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በየመንገዱ ሐበሻ ይገጥማታል። እዚያ አይገጥማትም።

ሥራህ ፎርት በርትሆልድ የሚባለውን የነባር ሕዝቦች ግዛት የሚያስገባህ ከሆነ ሌላ ነገር እወቅ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 በሰጠው ውሳኔ ምክንያት የጎሳው ፍርድ ቤት ነባር ያልሆነን ሰው በወንጀል ሊከስ አይችልም ነበር። በ2013 ለቤት ውስጥ ጥቃት ትንሽ ተከፈተ። አንድ ነገር ቢደርስብህ የሚመጣው የጎሳ ፖሊስ፣ የካውንቲ ሸሪፍ ወይም የፌዴራል ሰው እንደሆነ ቀድመህ ብታውቅ ይሻላል። እዚያ የሚፈጸመው ደግሞ በዊሊስተን ቁጥር ውስጥ አይገባም።

አሁን የእኔን ስጋት ልንገርህ። አንተን የሚያሰጋህ የፑል ዱላው አይደለም። መንገዱ ነው። ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ በ2008 በመኪና አደጋ 104 ሰው ሞተ። በ2012፣ ግርግሩ በጋለበት፣ 170 ሞተ። በዚያ ግዛት በሰው እጅ ከሚገደለው ጋር ስታስተያየው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዊሊስተን ወደ ዋትፎርድ ሲቲ የሚወስደው ሀይዌይ 85 በውሃ ቦቴና በአሸዋ ጫኝ ተጨናንቆ የኖረ ነው። ጥር ላይ መንገዱ በረዶ ነው፣ ነፋሱ ትራክ ያነቃንቃል። ይህን ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ግን የባለቤትህ ወንድም ይህን ሲልክ አላየሁም።

በመጨረሻ የምታደርገውን ልንገርህ። ድረ ገጾች የሚሰጡትን «የደኅንነት ደረጃ» ተወው። ኤፍቢአይ ራሱ ቁጥሮቹን ለከተማ ደረጃ ማውጫ አትጠቀሙባቸው ይላል። ለዊሊስተን ፖሊስ ደውልና የአምስት ዓመት የከባድ ድብደባና የዝርፊያ ቁጥር ጠይቅ፣ በመቶኛ ሳይሆን በልኩ። የአስገድዶ መድፈር ቁጥርን ከ2013 ወዲህ ካለው ጋር ብቻ አነጻጽር፤ በዚያ ዓመት ትርጉሙ ስለሰፋ የድሮውና የአዲሱ አይገናኙም። ከባዱ ድብደባ ውስጥ ስንቱ ቤት ውስጥ፣ ስንቱ ባር አካባቢ እንደሆነ ጠይቅ። አብዛኞቹ ፖሊሶች ስንት ዓመት እንደቆዩም ጠይቅ። በግርግሩ ጊዜ ነዳጅ ኩባንያው ከፖሊስ የበለጠ ይከፍል ስለነበር ሰው አይበረክትም ነበር። የቆየ ፖሊስ ያለው ከተማ የሚተዋወቅ ከተማ ነው።

ከዚያ መጀመሪያ ብቻህን ሂድ። ሁለት ወር ሥራ። አንድ አርብ ሌሊት ባሮቹ ሲዘጉ መኪናህ ውስጥ ሆነህ ዋናውን መንገድ እይ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ልጆችህ የሚገቡበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቁምና ወላጆቹ እርስ በርሳቸው በስም ሲጠራሩ ስማ። ስልክህን አውጣና ለባለቤትህ የማክሰኞውን ቪዲዮ ላክላት፤ የአርቡን ደግሞ አትደብቃት።